ጥይት ገንዘብ በነበረበት ዘመን፦ የኢላማ ልምምድና የዋጋው ታሪክ

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ገበያ የወጣ ሰው በመቀነቱ ቋጥሮ፣ በአህያው ጭኖ ወይም በዝናሩ ሰክቶ ሊሄድ የሚችላቸው ሦስት ዓይነት መገበያያዎች ነበሩ። በመቀነት የሚቋጠረው የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ትሬዛ መልክ የተቀረጸበት ጠገራ ብር ነው። በአህያ የሚጫነው አሞሌ ጨው ነው። በዝናር የሚሰካው ደግሞ ጥይት ነው። ጠገራ ብር ለበሬና ለበቅሎ መግዣ እንጂ ለአንድ ቁና እህል ወይም ለጥቂት በርበሬ የሚመነዘር አልነበረም። አሞሌ የብር ምንዛሪ ሆኖ ለብዙ ዘመን አገልግሏል፤ ነገር ግን ዝናብ ያሟሟዋል፣ መንገድ ይሰብረዋል፣ ከጨው ምድር በራቀ ቁጥርም ዋጋው ይለዋወጣል። ጥይት ግን መጠኑ የትም አንድ ነው፤ አይሟሟም፣ አይሰበርም፣ ባለቤቱ ሲቸገር ደግሞ ከገንዘብነቱ ሌላ የራሱ ጥቅም አለው። ስለዚህ በአዲስ አበባና በደቡብና ምዕራብ ገበያዎች የጠመንጃ ጥይት እንደ ዝርዝር ሳንቲም ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወር ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁሉ ይበልጥ በገበያው የታወቀው የፈረንሳዩ የ«ግራ» ጠመንጃ ጥይት ነበር። ፈረንሳዮች ጠመንጃውን «ፊውዚ ግራ» ይሉት ነበርና የእኛ ሰው ሁለቱን ቃል አንድ አድርጎ «ውጅግራ» አለው፤ የእንግሊዙን ስናይደር «ሰናድር» እንዳለው ሁሉ። ውጅግራ በፈረንሳይ ጦር በ1874 የተመዘገበ፣ አፈ ሙዙ 11 ሚሊሜትር የሆነ፣ አንድ በአንድ እየጎረሰ የሚተኩስ መሣሪያ ነው። ፈረንሳይ በ1886 አነስ ያለ ካሊበር ያለውን አዲሱን የለቤል ጠመንጃ ስትይዝ፣ አሮጌው ውጅግራ በነጋዴዎች እጅ ገብቶ በታጁራና በጅቡቲ በኩል ወደ ሸዋ ጎረፈ። ከነጋዴዎቹ አንዱ ግጥም መጻፉን ትቶ የቀይ ባሕር ነጋዴ የሆነው አርቱር ራምቦ እንደነበር ብዙ አንባቢ ያውቃል፤ ግመሎቹን ጠመንጃ ጭኖ ሸዋ የገባው በ1887 መጀመሪያ ላይ ነው።

የጦር መሣሪያችንን ታሪክ የጻፉ ሰዎች ስንት ጠመንጃ በየት በኩል እንደገባ፣ በየትኛው ውል እንደተፈቀደና እንደተከለከለ በትጋት መርምረዋል። ብዙም ያልተጠየቀ አንድ ጥያቄ ግን አለ። ጥይት ገንዘብ በሆነበት አገር ሰው ተኩስ እንዴት ይማራል? ኢላማ ተክሎ አምስት ጊዜ የተኮሰ ሰው የአምስት ጥይት ገበያ በጭስ አሳልፏል። የሳተው ጥይት ብቻ ሳይሆን ያገኘውም ያው ኪሳራ ነው፤ የዛፍ ግንድ ሥጋ የለውም፣ ቆዳ የለውም፣ ዝሆን እንደ ገደለ ሰው ማዕረግ አያሰጥም።

ከነፍጥ በፊት የነበረውን ልምምድ ስናስብ ልዩነቱ ይገለጥልናል። ለጦርና ለጋሻ ጉግስ ነበረ። ፈረሰኞች በሁለት ወገን ተሰልፈው፣ በጦር ፋንታ ዘንግ ይዘው፣ አንዱ ሲያባርር ሌላው ሲሸሽ፣ ሲወረውሩና በጋሻ ሲመክቱ ይውላሉ። ዘንጉ ከጫካ ይቆረጣል፤ ቢሰበር ሌላ ይተካል። በጨዋታ መልክ የዋለው ሁሉ ግን ለጦርነት የሚሆን ትምህርት ነው፤ እጅ መወርወርን፣ ዓይን ርቀትን፣ ፈረስ መታጠፍን ይማራሉ። ማንኛውም የጥንት መሣሪያ ለልምምድ የሚሆን እንዲህ ያለ ርካሽ ምትክ ነበረው። ነፍጥ ሲመጣ ይህ ተቋረጠ። ለውጅግራ ዘንግ አልተገኘለትም። ጠመንጃውን ለመልመድ ራሱን ጠመንጃውን፣ ከነሙሉ ባሩዱና ከነሙሉ አረሩ መተኮስ ያስፈልግ ነበር።

የቀረው ትምህርት ቤት አደን ነው። አዳኝ ሲተኩስ ጥይቱን አላባከነም፤ ሥጋ፣ ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስ ወይም ግዳይ ይዞ ይመለሳል። ነገር ግን አደን የሚያስተምረው የራሱን ዓይነት ተኩስ ነው። ጥይት ውድ ስለሆነ አዳኙ ተስቦ፣ ነፋሱን ለይቶ፣ እስከሚቻለው ድረስ ቀርቦ አንዲት ጥይት ይተኩሳል። ትዕግሥትንና ድፍረትን ይማራል፤ በአራት መቶ እርምጃ ርቀት ያለን ነገር መምታትን ግን ለመማር ብዙ ዕድል አያገኝም። በጦር ሜዳ ጠላትን ወደ ቅርብ ርቀት አስገብቶ ወይም ራስ ወደ ጠላት ቀርቦ መተኮስን መምረጥ የጀግንነት ባህል ብቻ ሳይሆን የጥይት ኢኮኖሚም ነበረበት ብዬ አምናለሁ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የተሰለፈው ሠራዊት ጥይቱን ያጠራቀመው ለዓመታት ነው፤ ያጠራቀመውም ባለመተኮስ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃርኖ የሚመስል ነገር አለ። ለልምምድ የሚሳሳለት ጥይት በሠርግ፣ በለቅሶ፣ በታቦት ንግሥና በድል ቀን ወደ ሰማይ ይተኮስ ነበር። የውጭ አገር ተጓዦች ይህን እያዩ ብክነት ነው ብለው ይተቹ ነበር። ነገሩን ከገበያው አንጻር ካየነው ግን ተቃርኖ የለውም። ወደ ሰማይ የሚተኮስ ጥይት የሚያከብረው ውድ ስለሆነ ነው። ለሟች ክብር ገንዘብ እንደ መበተን ነው። ጥይት ርካሽ ቢሆን ኖሮ ተኩሱ ክብር ባልሆነም ነበር።

የዋጋውን ነገር ስናነሳ ከፋዩ ማን እንደነበረም ማሰብ ይገባል። «ነፍጠኛ» የሚለው ቃል ዛሬ የተሸከመውን የፖለቲካ ጭነት ለጊዜው ትተን ወደ ሥሩ ብንመለስ፣ ነፍጥ የያዘ ሰው ማለት ነው። ባለ ነፍጡን የሚቀልበው ገባሩ ነበር፤ የዝናሩም ጥይት በመጨረሻው ሒሳብ ከገባሩ እህልና ማር የወጣ ነው። ገባሩ ግን ያን ጥይት የሚተኩስበት ነፍጥም ፈቃድም አልነበረውም። ተኩስ መማር ከመሣሪያው ዋጋ በፊት የማኅበራዊ ቦታ ጉዳይ ነበር፤ ይህን ነገር ወደ ኋላ ኬንያ ላይ በሌላ መልኩ እናገኘዋለን።

ባዶው ቀለህ እንኳ አይጣልም ነበር። የናስ ቀለህ ዳግም ባሩድና አረር ይሞላ ስለነበር ዋጋ ነበረው። አሮጌው ቀለህ እየታደሰ ሲመጣ የገበያው ሰው ጥይቱን እንደ ሳንቲም አገላብጦ ማየት ግድ ሆነበት፤ እውነተኛው የትኛው ነው፣ በእጅ የተሞላው የትኛው ነው? ምኒልክ የራሳቸውን መልክ የያዘ ገንዘብ በ1894 ፓሪስ ላይ ማስቀረጽ ሲጀምሩ ከተወዳዳሪዎቻቸው መካከል እንግዲህ ጠገራና አሞሌ ብቻ ሳይሆኑ ውጅግራም ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ አውሮፓ እንሻገር። እዚያም መደበኛው የጦር ጠመንጃ ጥይት ለተራ ሰው ርካሽ አልነበረም። ነገር ግን እኛ ያላገኘነው «ዘንግ» እዚያ ተገኘ። ሉዊ ኒኮላ ፍሎቤር የተባለ ፈረንሳዊ መሣሪያ ሠሪ በ1845 አንድ ቀላል ሐሳብ መጣለት። በዚያ ዘመን የጠመንጃን ባሩድ የምታቀጣጥለው ስትመታ የምትፈነዳ ትንሽ የመዳብ ቆብ ነበረች። ፍሎቤር ባሩዱን ጨርሶ ተወና በቆቧ አፍ ላይ ትንሽ ክብ አረር ሰካ። ቆቧ ስትመታ በውስጧ ያለው ቅመም ብቻውን አረሩን ይገፋዋል። ኃይሉ ለጦርነትም ለአደንም የማይበቃ ነው፤ በቤት ውስጥ፣ በአዳራሽ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ኢላማ ለመብሳት ግን ይበቃል። በ1851 በለንደን በተደረገው ታላቅ ኤግዚቢሽን ለዕይታ ቀረበ፤ የሳሎን ተኩስ የሚባለውም መዝናኛ በዚህ መሣሪያ ተስፋፋ።

አሜሪካኖች ሐሳቡን ወስደው አሳደጉት። ስሚዝ እና ዌሰን የተባሉት ሠሪዎች በ1857 ባወጡት ሽጉጥ ቆቧን አስረዝመው ጥቂት ባሩድ ጨመሩባት፤ የካሊበሩ መለኪያ የኢንች መቶኛ ሃያ ሁለት ነበርና ጥይቱ «ሃያ ሁለት» ተባለ። በ1887 በማሳቹሴትስ የሚገኘው የስቲቨንስ ኩባንያ ረዘም ያለ ቀለህና ከበድ ያለ አረር ያለውን «ሃያ ሁለት ሎንግ ራይፍል» አወጣ። ዛሬ በዓለም ላይ ለልምምድና ለስፖርት በብዛት የሚተኮሰው ይኸው ጥይት ነው። ራምቦ ግመሎቹን እየነዳ ሸዋ በገባበት ዓመት መውጣቱ ግጥምጥሞሽ ነው፤ ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል።

የውጅግራ አረር 25 ግራም ይመዝናል፤ ከኋላው አምስት ግራም ከሩብ ያህል ጥቁር ባሩድ አለ። የሃያ ሁለቱ አረር 2.6 ግራም ያህል ነው፤ ስፋቱ 5.6 ሚሊሜትር። ከአንዱ የውጅግራ አረር እርሳስ ዘጠኝ የሃያ ሁለት አረር ተሠርቶ ጥቂት ይተርፋል። ርካሽነቱ ግን ከማነሱ ብቻ የመጣ አይደለም። በትልቁ ጥይት ላይ ቀለሁ ወፍራም ነው፣ መቀጣጠያው ለብቻው ተሠርቶ በቂጡ መሐል ይገጠማል። በትንሹ ላይ የሚፈነዳው ቅመም በስሱ ቀለህ ጠርዝ ውስጥ ይቀባል፤ የጠመንጃው መምቻ ጠርዙን ይመታዋል፤ ለብቻው የሚገጠም ነገር የለም። አረሩ ለስላሳ እርሳስ ስለሆነ አፈ ሙዙን አይበላውም። ግፊቱ ትንሽ ስለሆነ ትከሻ አይመታም፣ ጀማሪም ከድንጋጤ የተነሳ ዓይኑን መጨፈን አይለምድም፤ ይህን የመጨረሻውን ነገር አሠልጣኞች ከዋጋውም በላይ ይቆጥሩታል። የመተኮሻው ቦታ ሰፊ ሜዳ አያሻውም፤ ሃያ አምስት ያርድ ርዝመት ያለው ምድር ቤትና ከኋላው ጥይት የሚያቆም የብረት ሳህን ይበቃል። (ይህ ማለት ጥይቱ መጫወቻ ነው ማለት አይደለም፤ ሜዳ ላይ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል፣ ሰውም ይገድላል።) አንድ ደዌ ብቻ ለብዙ ጊዜ ተጠናውቶት ነበር፦ የመቀጣጠያው ቅመም ዝቃጭ አፈ ሙዙን ያዝገው ነበር። የማያዝግ ቅመም በ1920ዎቹ ገበያ ላይ ሲውል ይህም ተወገደ።

አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል። በጠርዙ የሚመታው ቀለህ አንዴ ከተተኮሰ በኋላ ዳግም አይሞላም። ይጣላል። የምኒልክ ዘመን ነጋዴ ቢያየው ይስቅበት ነበር፤ ባዶው ምንም ዋጋ የሌለው፣ ሙሉውም ጠላት የማይመልስ ጥይት ማን በብር ምንዛሪ ይቀበላል? ገንዘብ ለመሆን የማይበቃው ጥይት ነው ለትምህርት የበቃው።

ይህ የሳሎን መጫወቻ የመንግሥት ጉዳይ የሆነው በአፍሪካ ምድር በደረሰ ሽንፈት ነው። በታኅሣሥ 1899 የእንግሊዝ ጦር በደቡብ አፍሪካ በአንድ ሳምንት ውስጥ በስቶርምበርግ፣ በማገርስፎንተይንና በኮሌንሶ ሦስት ጊዜ በቦር ገበሬዎች ተመታ። እንግሊዞች ሳምንቱን «ጥቁር ሳምንት» አሉት። በአልቢዮን ጋዜጦች ላይ የተነሳው ጥያቄ ቀላል ነበር፦ ገበሬ እንዴት ወታደርን በተኩስ በለጠ? መልሱ ብዙ ነበረው፤ ምሽግ፣ ጭስ የሌለው ባሩድ፣ የማውዘር ጠመንጃ፣ የእንግሊዝ ጄኔራሎች ግትርነት። ሕዝቡ የያዘው መልስ ግን አንድ ነበር፦ ቦሩ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያድን ያደገ ሲሆን፣ የእንግሊዝ የፋብሪካ ሠራተኛ ጠመንጃ ነክቶ አያውቅም። የቦር ልጅ ጥቂት ጥይት ተቆጥሮ ይሰጠውና በዚያው ልክ የታደነ ሥጋ ይጠበቅበት ነበር ይባላል። ይህ እኛ አገር ከነበረው የአዳኝ ትምህርት የሚለየው በሜዳው ስፋትና በመሣሪያው ጥራት እንጂ በመሠረቱ አይመስለኝም።

በእንግሊዝ የተኩስ ማኅበር ከዚያ በፊትም ነበረ። ብሔራዊ የጠመንጃ ማኅበር በ1860 በዊምብልደን የመጀመሪያ ውድድሩን ሲያደርግ መክፈቻውን ጥይት የተኮሱት ንግሥት ቪክቶሪያ ናቸው። ነገር ግን ያ የባለ ጊዜና የባለ ገንዘብ ስፖርት ነበር። በርቀት የሚተኮስበት ሜዳ ከከተማ ውጭ ነው፤ የባቡር ዋጋ፣ የቅዳሜ ሙሉ ቀን፣ የውድ ጥይት ወጪ ይጠይቃል። በ1901 የተቋቋመው ማኅበር ስሙ ራሱ ዓላማውን ይናገራል፦ «የሠራተኞች የጠመንጃ ክበቦች ማኅበር»። በ1903 ስሙን ለውጦ የትናንሽ ጠመንጃ ክበቦች ማኅበር ተባለ። ከደቡብ አፍሪካ የተመለሱት ፊልድ ማርሻል ሎርድ ሮበርትስ ዋና ደጋፊው ሆኑ። ክበቦቹ በፋብሪካ ግቢ፣ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ በመጠጥ ቤት ጓሮ ተከፈቱ። ሠራተኛው ከሥራ በኋላ በጥቂት ፔንስ ማታ ማታ ይተኩስ ጀመር። በ1908 ለንደን ላይ በተደረገው ኦሊምፒክም ትንሹ ጠመንጃ የራሱ ውድድር ተሰጠው።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ እንደ አገር ፍቅር ታሪክ ብቻ ይጻፋል። እኔ ከዚያ የሚበልጠው ነገር ቀጥሎ የሆነው ነው እላለሁ። መንግሥት ሠራተኛው ተኩስ እንዲማር የፈለገው ለንጉሡ እንዲተኩስ ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ የሩሲያ አብዮት ከተነሳና የእንግሊዝ ሠራተኛ የሥራ ማቆም አድማ ከበዛ በኋላ፣ ሚኒስትሮቹ ያ የሠለጠነ እጅ በማን ላይ ሊያነጣጥር ይችላል የሚለውን ማሰብ ጀመሩ። የ1920ው የጦር መሣሪያ ሕግ ጠመንጃ ለመያዝ ከፖሊስ የምስክር ወረቀት ማግኘትን ግድ አደረገ። ርካሹ ጥይት ርካሽነቱን አላጣም፤ የተወደደው ፈቃዱ ነው።

ትንሹ ጠመንጃ ሌላም በር ከፍቷል፤ ስለ እሱ በአጭሩ ልናገር። ግፊቱ ቀላል ስለሆነ ጉልበት ውጤቱን አይወስንም። በ1976 በሞንትሪያል ኦሊምፒክ በ50 ሜትር የሦስት አቋቋም ውድድር ማርጋሬት መርዶክ የተባለች አሜሪካዊት ከአገሯ ሰው ከላኒ ባሻም ጋር እኩል ነጥብ አመጣች። አንድ ውድድር ነበር፤ ወንድም ሴትም በአንድ መስመር ይተኩሱ ነበር። በደንቡ መሠረት ወርቁ ለእሱ፣ ብሩ ለእሷ ሆነ። መዝሙር ሲዘመር ግን ባሻም እጇን ይዞ ወደ ላይኛው መቆሚያ አወጣትና አብረው ቆሙ።

ወደ አካባቢያችን እንመለስ። በኢትዮጵያ ከ1906ቱ የሦስቱ መንግሥታት ስምምነት አንስቶ እስከ ነሐሴ 1930ው የጦር መሣሪያ ውል ድረስ ወደ አገሪቱ የሚገባው ጠመንጃና ጥይት በእንግሊዝ፣ በፈረንሳይና በጣሊያን ዓይን ሥር ነበር። በ1935 ጦርነቱ ሲቃረብ ደግሞ የአውሮፓ መንግሥታት በሁለቱም ወገን ላይ መሣሪያ እንዳይሸጥ አገዱ፤ የራሷ ፋብሪካ ላላት ጣሊያን እገዳው እገዳ አልነበረም። የእኛ ሠራዊት በየዘመኑ የተጠራቀመ ልዩ ልዩ ጠመንጃ ይዞ ዘመተ፤ የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። ዝናሩ ሙሉ የሆነ ሰው እንኳ ከጎኑ ለወደቀው ወንድሙ ጠመንጃ የሚሆን ጥይት ላይኖረው ይችላል። ከዚያ በኋላ በነበሩት አምስት የአርበኝነት ዓመታት ጥይት እንደገና ከገንዘብ በላይ ሆነ፤ የሚገኘውም በአብዛኛው ከጠላት በመማረክ ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ስለ ልምምድ ማውራት ቅንጦት ነው። አርበኛው ተኩስ የተማረው በጠላት ላይ ነው፤ ያልተማረውም እዚያው ቀርቷል።

በ1941 ከኬንያ ተነስቶ በሞቃዲሾና በሐረር በኩል ወደ አዲስ አበባ በገሠገሠው ጦር ውስጥ የንጉሡ አፍሪካውያን ጠብመንጃ ያዦች የሚባለው ክፍለ ጦር ወታደሮች ነበሩ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይም ጎንደር ሲያዝ ተዋግተዋል። ከኬንያ፣ ከዩጋንዳ፣ ከታንጋኒካና ከኒያሳላንድ የመጡ አፍሪካውያን ናቸው። በአገራቸው ጠመንጃ መያዝ በፈቃድ የታጠረ ሲሆን፣ ፈቃዱም በተግባር የነጩ ሰፋሪ መብት ነበር። ተኩስ የተማሩት በንጉሡ ጥይት፣ ለንጉሡ ጦርነት ነው። ከእነሱ ብዙዎቹ ከዚያ ወደ በርማ ተላኩ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ጠመንጃውን አስረከቡ፤ የተማሩትን ግን ማስረከብ አይቻልም። ኋላ «ጄኔራል ቻይና» ተብሎ በማውማው ጦር የታወቀው ዋሩሂዩ ኢቶቴ በርማ የዘመተ ወታደር ነበር።

የማውማው አመፅ ተነስቶ በጥቅምት 1952 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በደኑ ውስጥ የነበረው እጥረት ከጠመንጃም በላይ የጥይት ነበር። ታጋዮቹ ከውኃ ቧንቧ አፈ ሙዝ፣ ከበር መቀርቀሪያ መምቻ፣ ከመኪና ጎማ ከመነዳሪ የተቆረጠ ላስቲክ ደግሞ በሞላ ፋንታ እያደረጉ ጠመንጃ ይሠሩ ነበር። በተኳሹ እጅ ላይ የፈነዳው ቁጥሩ ቀላል አልነበረም። በእንዲህ ያለ መሣሪያ ኢላማ አይለመድም፤ አንዴ መተኮስ ራሱ ዕጣ መጣል ነው። የቅኝ ግዛቱ መንግሥት ደግሞ የጥይትን ዋጋ ማንም ገበያ ሰቅሎት ወደማያውቀው ቦታ ሰቀለው፦ ያለ ፈቃድ መሣሪያ ወይም ጥይት ይዞ መገኘት በሞት የሚያስቀጣ ወንጀል ሆነ። በአስቸኳይ ጊዜው ከ1,000 በላይ ኬንያውያን ተሰቅለዋል፤ ከእነሱ መካከል ማንንም ስለ መግደላቸው ሳይሆን መሣሪያ ወይም ጥይት ስለ መያዛቸው የተፈረደባቸው ይገኛሉ።

ከዚህ በኋላ ያለው የቀን ጉዳይ ነው፤ ቀኖቹን ብቻ በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ። ጥቅምት 21 ቀን 1956 የማውማው መሪ ደዳን ኪማቲ ከደን ወጥቶ ኒዬሪ አካባቢ ተያዘ። አንድ የአካባቢ ፖሊስ ሁለት ጊዜ ተኩሶ ስቶት በሦስተኛው እግሩ ላይ እንደመታው ይነገራል። ኅዳር 19 ቀን ችሎቱ ኒዬሪ ላይ ተከፈተ። ክሱ በጦርነቱ ስለ ጠፋ ሕይወት አልነበረም፤ አንድ 38 ካሊበር ሽጉጥና ስድስት ጥይት ያለ ፈቃድ ይዞ ተገኝቷል የሚል ነው። ኅዳር 22 ቀን በአውስትራሊያ የሜልቦርን ኦሊምፒክ ተከፈተ። ኢትዮጵያና ኬንያ ሁለቱም በኦሊምፒክ የተሳተፉት ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። እኛ የላክነው ሯጮችንና ብስክሌተኞችን ነው። ኬንያ ከላከቻቸው ስፖርተኞች መካከል ግን የእንግሊዝ ስም ያላቸው ተኳሾች ነበሩበት። ኅዳር 27 ቀን ዋና ዳኛው ሰር ኬኔት ኦኮነር በኪማቲ ላይ የሞት ፍርድ ፈረዱ። በዚያው ሳምንት መጨረሻ ሜልቦርን ላይ የተኩስ ውድድሩ ተጀመረ።

ተኳሾቹን የምከስበት ነገር የለኝም። ለብዙ ዓመት በትዕግሥት ትንፋሻቸውን ይዘው፣ ምላጭ በቀስታ መሳብን ተምረው እዚያ የደረሱ ስፖርተኞች ናቸው። የዚያን ትዕግሥት ዋጋ የሚያህል ርካሽ ጥይት፣ የሚለማመዱበት ሜዳና የማይጠየቁበት ፈቃድ ነበራቸው። ስድስት ጥይት ለእነሱ አንድ ተከታታይ ተኩስ እንኳ አይሞላም።

ኪማቲ የካቲት 18 ቀን 1957 ናይሮቢ በሚገኘው የካሚቲ ወህኒ ቤት ተሰቀለ፤ ምልክት በሌለው መቃብርም ተቀበረ። ለብዙ ዓመታት ጠፍቷል ሲባል የነበረው የችሎቱ መዝገብ በ2017 በመጽሐፍ ታትሞ ወጥቷል፤ ስድስቱ ጥይት እዚያ ውስጥ በማስረጃነት ተቆጥረው ይገኛሉ። ከተሰቀለ ልክ በ50 ዓመቱ፣ የካቲት 18 ቀን 2007፣ በናይሮቢ በስሙ በተሰየመው ጎዳና ላይ ሐውልቱ ተመርቋል። በግራ እጁ ጩቤ፣ በቀኝ እጁ ጠመንጃ ይዟል።